የግብዣ ጉዞ ለሚመኙ የሐረርና የድሬ ጸሐፊዎች

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ሐረር ጀጎል ውስጥ አስጎብኚ ሆኜ ነው የምሠራው። በቅርቡ ስለ ከተማችን ያወጣችሁትን የጉዞ ጽሑፍ አነበብኩት። ጥሩ ጽሑፍ ነው፤ ፎቶዎቹም ያምራሉ። ጸሐፊው የመጣው ተጋብዞ እንደሆነ ግን አንድ መስመር እንኳ አልተጻፈም። እኛ እዚህ ያለነው እናውቃለን፤ ድሬዳዋ አውሮፕላን ማረፊያ ሄደን ቡድኑን የተቀበልነው እኛው ነን። ጽሑፉ ከወጣ ጀምሮ ደግሞ መጻፍ የሚወዱ የከተማችን ልጆች መንገድ ላይ እያስቆሙ ይጠይቁኛል። እዚሁ ተወልደን፣ ቋንቋውን እየቻልን፣ ስለዚሁ ከተማ እየጻፍን ለምን አንጋበዝም? ወደ ሌላ ክልል ወይም ወደ ጅቡቲ የሚሄድ ቡድን ሲኖርስ ለምንድነው ስማችን የማይነሳው? ይሉኛል።

ተገቢ ጥያቄ ነው። ለእያንዳንዳቸው ቆሜ ከማስረዳ እዚህ ልጻፈው ብዬ ተነሳሁ፤ የእናንተም የአዘጋጆቹ ድርሻ ስላለበት።

መጀመሪያ የግብዣ ጉዞ፣ ማለትም ጸሐፊ ስለ ቦታው እንዲጽፍ ወጪውን ችሎ ማስጎብኘት፣ እንዴት እንደሚሠራ። ጉዞውን የሚያዘጋጀው የቱሪዝም ቢሮ ወይም አስጎብኚ ድርጅት ሊሆን ይችላል፤ ወጪውን ግን ብዙ ጊዜ ብዙ ቤት ነው የሚጋራው። አየር መንገድ ወንበር ይሰጣል። ሆቴል ክፍልና ቁርስ ይሰጣል። አንዱ ሬስቶራንት ምሳ ይችላል፣ መኪናው ከሌላ ይመጣል። እያንዳንዳቸው ደግሞ በአለቆቻቸው ይጠየቃሉ፦ ይሄን ሁሉ በነጻ ሰጥተን ምን አገኘን? ስለዚህ እንግዶቹ ከተሸኙ በኋላ የጉዞው አስተባባሪ ቁጭ ብላ ሠንጠረዥ ትሠራለች። አንዱን ሠንጠረዥ በዓይኔ አይቼዋለሁ። የጸሐፊው ስም፣ የሚጽፍበት ቦታ፣ ጽሑፉ የወጣበት ቀን፣ ሊንኩ፣ ስንት ሰው እንዳነበበው። ከተጋበዙት የአንዳንዶቹ ረድፍ ከስማቸው በቀር ባዶ ነበር። አስተባባሪዋ የዚያን ሰሞን ለሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ምን ብላ እንደምትነግር ጨንቋት ነበር፤ ክፍሎቹን ለምና ያገኘችው እሷ ናት። ለሚቀጥለው ጉዞ ስም ስትመርጥ የምትጀምረው ከዚያው ሠንጠረዥ ነው። ባዶ ረድፍ ያለው ሰው አይጠራም፣ ለምን እንዳልተጠራም ማንም አይነግረውም።

ይሄ ሁሉ በትውውቅ ነው የሚሉኝ አሉ። ውሸት ነው አልልም። የስም ዝርዝሩ ያለው አዲስ አበባ ነው፤ አስተባባሪዎቹም በስልካቸው ውስጥ ያለውን ሰው ነው የሚጠሩት፣ ምክንያቱም የማያውቁት ሰው ሆቴል ፊት እንዳያሳፍራቸው ይፈራሉ። እንግዲህ እናንተ የሐረርና የድሬ ጸሐፊዎች፣ መፍትሔው እንዲያውቋችሁ ማድረግ ነው። መታወቅ ያለባችሁ ደግሞ በሠራችሁት ሥራ ነው። ደጅ እየጠና የተጋበዘ ሰው አይቻለሁ፤ ሁለተኛ ሲጋበዝ ግን አላየሁም።

እና ከሁሉ በፊት የሚታይ ሥራ ይኑራችሁ። ጋዜጣ ላይ ይሁን፣ በራሳችሁ ገጽ ይሁን፣ የወጣና ሰው ከፍቶ ሊያነበው የሚችል ጥቂት ጥሩ ጽሑፍ። ማንም ሳይጋብዛችሁ፣ በራሳችሁ የባጃጅ ሒሳብ ልትሠሩት ትችላላችሁ፤ ምክንያቱም ሌላው በአውሮፕላን የሚመጣበት ቦታ የእናንተ ሰፈር ነው። አቦ፣ ሐረርና ድሬ ተቀምጦ የሚጻፍ ጠፋ የሚል ሰው እንዴት ይገኛል!

አንዲት ጸሐፊ ትዝ ትለኛለች። በቡድን ነው የመጣችው። ሌሎቹ ፈረስ መጋላ ቡና ሲጠጡ እሷ ማኪና ግርግር ወርዳ አንድ ልብስ ሰፊ አጠገብ በርጩማ ስባ ተቀመጠች። መንገዱ ስሙን ያገኘው ከስፌት ማሽኖቹ ድምፅ ነው፤ ጠዋት ከግራም ከቀኝም ሲያንገረግሩ ሰው ለመሰማማት መጮህ አለበት። እሷ ግን ድምፁን ብቻ ሰምታ አልሄደችም። ፔዳሉን በቀን ስንት ሰዓት እንደሚረግጥ፣ ጉልበቱን ያመው እንደሆነ፣ ማሽኑን ማን እንደሚጠግንለት፣ ጨርቁ ከየት እንደሚመጣ፣ ለሠርግ የሚሰፋው ከዘወትር ልብስ በምን እንደሚለይ ጠየቀችው። በመሀል ሱሪ የሚያሳጥር ሰው መጣ፣ ቆሞ ጠበቀ፣ አሳጥሮለት ይዞ ሄደ፤ እሷ የሁለቱን ጨዋታ ሁሉ ጻፈችው። ጽሑፏ ሲወጣ ጅብ የሚባል ቃል አልነበረበትም። ከዚያ በኋላ የመጡ እንግዶች ስልካቸውን እያሳዩ ወደዚህ ሰውዬ ውሰደን ይሉኝ ጀመር። ወሬው ሆቴሉ ጋ ደረሰ። ለሚቀጥለው ጉዞ ስም ሲጻፍ ቀድሞ የተጻፈው የእሷ ነው።

ጅብ ማብላቱን የምንቅ አይደለሁም፤ የከተማችን ትልቅ ነገር ነው፣ እኔም በየምሽቱ እንግዳ እወስዳለሁ። ግን ተጋባዥ ሁሉ እሱን ይጽፋል፣ አንባቢውም ጠግቦታል። ጅብን መጻፍ ከወደዳችሁ በአሹራ ለጅቦች ገንፎ ስለሚቀርብበት ልማድ ሽማግሌዎችን ጠይቃችሁ ጻፉ፤ ይሄን ለሁለት ቀን የመጣ ሰው አያገኘውም። ወይም አንድ የሐረሪ ቤት ግቡና የመደቦቹን ከፍታና ዝቅታ፣ ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ከበሩ በላይ የተጠቀለለው ምንጣፍ በቤቱ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ መኖሯን እንደሚያመለክት የቤቱ እመቤት ራሷ ታስረዳችሁ። ከድሬ ወደ ሐረር ስትወጡ ደግሞ ሐረማያ ሐይቅ አለ። ለሐረር ውሃ ይሰጥ የነበረ ሐይቅ ደረቀ፣ ከዓመታት በኋላ ደግሞ ውሃ ያዘ። በዳሩ የሚኖረው ገበሬ ይሄን ሁሉ አይቷል፤ ሄዶ የሚጠይቀው ነው የጠፋው።

ድሬም እንዲሁ። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬ ሲደርስ ወደ ሐረር ተራራውን መውጣት ስላስቸገረ ከታች ከተማ ተቆረቆረ። ለገሃር ውስጥ የድሮው ባቡር ወርክሾፕ አለ፣ በዚያ የሠሩ፣ ፈረንሳይኛ የሚናገሩ አባቶችም አሉ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ደግሞ ሌላ ጣቢያ፣ ሌላ ኑሮ ይዞ መጣ። ቀፊራ በሚባለው ገበያ በቅስቶቹ ሥር የሚሸጡ እናቶች፣ የከዚራ ሰፈር ጥላና የመጋላ ሰፈር ግርግር፣ በመሀላቸው ደረቁ የደቻቱ ወንዝ፤ የድሬ ልጅ ይሄን ካልጻፈ ማን ይጽፈው?

ሐቁን ማጣራት ላይ ደግሞ የአካባቢ ልጅ ሊበለጥ አይገባውም። ፈረንሳዊው ገጣሚ ሬምቦ እ.ኤ.አ. በ1880 ሐረር መጥቶ በንግድ ሠርቷል። ዛሬ በስሙ ሙዚየም የሆነውን ቤት ግን ያሠራው ሕንዳዊ ነጋዴ ነው፣ ሬምቦ እዚያ መኖሩን የሚያሳይ ማስረጃም የለም። ተጋባዦች በየጊዜው “ገጣሚው የኖረበት ቤት” ብለው ይጽፋሉ። የጀጎልን ጥንታዊ በሮችም ስድስት ያደርጓቸዋል፤ አምስት ናቸው፣ ስድስተኛው በኋላ የተከፈተ ነው። አስተባባሪ ይሄን የሚያውቅ ጸሐፊ ስታገኝ ደስ ይላታል፤ ስህተት ወጥቶ ከክልሉ ባለሥልጣን የምትወቀሰው እሷ ናት።

ሥራው ካለ ቀጥሎ ራሳችሁን ማስተዋወቅ ነው። የባህልና ቱሪዝም ቢሮው የኮሙኒኬሽን ክፍል፣ የሆቴሎች የገበያ ክፍል፣ አስጎብኚ ድርጅቶች፤ እነዚህ ጋ ሂዱ። አጭር ኢሜይል ጻፉ፤ ማን እንደሆናችሁ፣ የት እንደምትጽፉ፣ ሁለት ወይም ሦስት ሊንክ፣ ስልክ። አንባቢያችሁ ማን እንደሆነ ንገሯቸው። ብዙ ፎሎወር ማለት ብዙ ተጓዥ ማለት አይደለም፣ ጥሩ አስተባባሪም ይሄን ታውቃለች። ጽሑፋችሁን የሚያነቡት ገና ሲደርስ ለእረፍት የሚመጡ የዳያስፖራ ቤተሰቦች ከሆኑ፣ ቁጥራቸው ትንሽ ቢሆንም ለሆቴል ወርቅ ነው። የተገዛ ፎሎወር ግን እንዳታሳዩ። ኮመንቶቹን ከፍቶ ያየ ሰው ወዲያው ይነቃል፣ ከዚያ ወዲያ ስማችሁ አይነሳም።

ግብዣ ስትጠይቁ ደግሞ ሐሳብ ይዛችሁ ጠይቁ። አንድ ሆቴል የሚሠራ ወዳጄ የሚደርሰውን መልእክት ያሳየኛል፤ “ስለ ሐረር ቪዲዮ መሥራት ስለምፈልግ ክፍልና ትራንስፖርት ይቻለኝ” የሚል ነው አብዛኛው። ለዚህ ምን ብሎ ይመልስ? ሌላው ደግሞ እንዲህ ቢጽፍስ፦ ከረመዳን በኋላ የሚጾመው የስድስት ቀን ጾም ሲያበቃ የሚከበረው ሸዋሊድ በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዝግቧል፤ ሌሊቱን በዝክሩ ቦታ አድሬ፣ ጠዋት ደግሞ ለበዓሉ ልብስ የምታዘጋጅ አንዲት እናት ቤት ውዬ መጻፍ እፈልጋለሁ፤ የእገሌ ጋዜጣ አዘጋጅ ጽሑፉን ሊያወጣው ተስማምቷል፣ ይኸው ደብዳቤው፤ በዓሉ ካለፈ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይወጣል፤ የምጠይቃችሁ ሁለት ሌሊት ክፍል ነው። ይሄኛውን ይዞ ወዳጄ ወደ አለቃው መግባት ይችላል። ያኛውን ይዞ መግባት አይችልም።

ቀኑንም አስቡበት። የሸዋሊድ ሳምንት ሲደርስ ክፍል የለም። ታኅሣሥ 19 ለቁልቢ ገብርኤል አገር ምድሩ ወደዚህ ሲጎርፍ የአውሮፕላን ወንበር በነጻ የሚሰጥ የለም፤ ወራት ቀድማችሁ ነው መጻፍ ያለባችሁ። ወይም ማንም በማይመጣበት ሰሞን ኑ፤ ሆቴል ባዶ ክፍሉን መስጠት አይከብደውም።

ከአገር ውጭ መሄድ ለምትመኙ አጭር ነገር ልበል። በርሊን በፈረንጆቹ ማርች፣ ለንደን በኖቬምበር ትልልቅ የቱሪዝም ትርዒቶች አሉ፤ የየአገሩ ቱሪዝም ቦርዶችና ጸሐፊዎች የሚገናኙት እዚያ ነው። እዚያ መድረስ ባይቻል ድረ ገጽ ያላቸው የጎረቤት አገሮች ቱሪዝም ቦርዶች አሉ፣ የሚዲያ ክፍላቸውን አድራሻ እዚያ ፈልጉ። ፓስፖርታችሁ ቢያንስ የስድስት ወር ዕድሜ ያለው ሆኖ ይዘጋጅ። ብዙ ግብዣ የሚመጣው ሌላ ሰው በመጨረሻ ሰዓት ሲቀር ነው፤ ያኔ የሚሄደው ፓስፖርቱ የተዘጋጀ ነው።

ስለ ገንዘብም በግልጽ እናውራ። የግብዣ ጉዞ ደመወዝ አይደለም። ጋባዡ መንገዱን፣ አልጋውን፣ ምግቡን ይችላል፤ ለጽሑፉ የሚከፍለው የሚያሳትመው ክፍል ነው፣ መሆንም ያለበት እንዲያ ነው። እኛ አገር ግን ውሎ አበል ከዚህ ጋር ተደባልቋል። አውሮፕላን፣ ሆቴልና ምግብ ተችሎት፣ ሲሸኝ ፖስታ የሚጠብቅ ሰው አለ። የጋዜጠኛ ደመወዝ ትንሽ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ኑሮውም እንዴት እንደከበደ አውቃለሁ። ቢሆንም ከጋባዡ ገንዘብ የተቀበለ ሰው ቧንቧው ውሃ እንዳልነበረው መጻፍ አይችልም። ስለዚህ አትቀበሉ። ከመሄዳችሁ በፊት ግን ማን ምን እንደሚችል አንድ በአንድ ጠይቁ፤ ቪዛ፣ ኢንሹራንስ፣ የእራት መጠጥ፣ የመልስ ታክሲ። መርሐ ግብሩም ብቻችሁን የምትንቀሳቀሱበት ግማሽ ቀን እንዲኖረው ለምኑ። የጻፍኩላችሁ ልብስ ሰፊ የተገኘው ከቡድን ተነጥሎ ነው።

ጉዞው ላይ ደግሞ እንደ ሠራተኛ ሁኑ። በሰዓቱ ውረዱ። ሰው ፈቃድ ሳይሰጥ ፎቶ አታንሱ፤ ጀጎል ውስጥ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ መስጊድና አዋች፣ ማለትም የቅዱሳን መቃብርና የጸሎት ስፍራ ያለበት፣ ሰው የሚኖርበት ከተማ ነው። 82 መስጊድና 102 አዋች እዚህች ትንሽ ግንብ ውስጥ አሉ፤ የአንዱ ቤት ደጃፍ ላይ ካሜራ ደግኖ መቆም ነውር ነው። ተመልሳችሁ ስትጽፉ ሊንኩን ለአስተባባሪዋ፣ ለሆቴሉ፣ ለአስጎብኚውም ላኩ። ጽሑፉ ከዘገየ ዘግይቷል ብላችሁ ደውሉ። ይሄ ቀላል ነገር ይመስላል፤ የሚያደርገው ግን ጥቂት ሰው ነው፣ ሁለተኛ የሚጠሩትም እነሱ ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ተጋብዛችሁ ከጻፋችሁ ተጋብዛችሁ እንደሆነ ጻፉ። “ይህ ጉዞ የተካሄደው በእገሌ ግብዣ ነው፣ ጽሑፉን ግን አስቀድመው አላዩትም” ማለት ሁለት መስመር ነው። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2009 መመሪያውን ሲያሻሽል በነጻ ስለተሰጣቸው ነገር የሚጽፉ ብሎገሮችም ይሄን ለአንባቢ እንዲገልጹ አድርጓል። ኒውዮርክ ታይምስን የመሰለ ጋዜጣ ደግሞ በግብዣ ከተሄደ ጉዞ የተጻፈ የጉዞ ጽሑፍ ጭራሽ አይቀበልም፤ ወደ እንዲህ ዓይነት ቦታ መጻፍ የሚያስብ ልጅ ግብዣ ከመቀበሉ በፊት ይሄን ይወቅ። በእኛም አገር የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ማስታወቂያ ከሌላው ዝግጅት ተለይቶ እንዲታወቅ ያዛል። የተጋበዘ ጽሑፍ ማስታወቂያ ነው አላልኩም። ካልተነገረው ግን አንባቢው በምን ይለየዋል?

የከፋውንም ጻፉ። መጥፎ ነገር የጻፈ ሁለተኛ አይጋበዝም ብለው የሚፈሩ አሉ። ትንሽ ልብ ያለው ጋባዥ ግን መንገዱ አቧራ እንደሆነ፣ ውሃ በፈረቃ እንደሚመጣ የተጻፈበትን ጽሑፍ ይመርጣል፤ አንባቢው የቀረውንም ምስጋና የሚያምነው ያኔ ነው። እኔ አስጎብኚ ነኝ፣ እንግዳው ከመጣ በኋላ የሚወቅሰው እኔን ነው። ከንቱ ውዳሴ አንብቦ የመጣ ሰው ከመኪና ሲወርድ ፊቱ ሲቀያየር የማየው እኔ ነኝ።

ለጋባዦችም ቃል አለኝ። አንድ ሆቴል ተጋባዦቹን “ጽሑፉ ከመውጣቱ በፊት አሳዩንና እናርመው” ብሎ ፈርሙ ሲል ሰምቻለሁ። ስምና ቀን ማጣራት ሌላ፣ ሐሳብ ማረም ሌላ ነው። እናንተ ጸሐፊዎች እንዲህ ያለ ወረቀት ከቀረበላችሁ በትሕትና መልሳችሁ ቅሩ። ሌላው ደግሞ፣ እናንተ ጋባዦች ቡድን ከአዲስ አበባ ስታመጡ ሁለት ወንበር ለሐረርና ለድሬ ጸሐፊዎች አስቀሩ። እነሱ የአውሮፕላን ቲኬት አይፈልጉም፤ ክፍል እንኳ አይፈልጉም፣ ቤታቸው እዚሁ ነው። እንግሊዛዊው አሳሽ ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በ1855 ከገባ ጀምሮ ይህች ከተማ በእንግዳ ብዕር ስትጻፍ ነው የኖረችው። ዓለም ስለ ሐረር የሚያነበው አሁንም በአብዛኛው አልፎ ሂያጅ የጻፈውን ነው። በአንድ መኪና ውስጥ የአካባቢው ልጅ አብሮ ቢቀመጥ የእንግዳውም ጽሑፍ ይስተካከላል፣ ልጁም ከአዘጋጆችና ከአስተባባሪዎች ጋር ይተዋወቃል፤ በዝርዝሩ ላይ ስሙ የሚገባው እንዲህ ነው።

ለእናንተ ለአዘጋጆቹ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። በግብዣ የተሠራ የጉዞ ጽሑፍ ስታወጡ ከግርጌው ግብዣው የማን እንደሆነ ጻፉ፤ ከዚህኛው እትም ጀምራችሁ። የጉዞ ገጻችሁን ከአዲስ አበባ ውጭ ላሉ ጸሐፊዎች ክፈቱ፣ ትንሽም ቢሆን ክፈሏቸው። ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጥብኛል። ጥሩ ሐሳብ ይዞ ለሚጽፍላችሁ ልጅ ማኅተም ያለበት የትብብር ደብዳቤ ስጡት። አንድ ገጽ ናት፤ “ጽሑፉን ተመልክተን ልናወጣው እንፈልጋለን፣ ትብብር ይደረግለት” የምትል። እዚህ ያሉ ልጆች በየቢሮው ሲሄዱ ቀድሞ የሚጠየቁት እሷን ነው፣ እሷ ስለሌለቻቸውም ከጥበቃው ነው የሚመለሱት።

ሁለት ልጆች ለሸዋሊድ የሚሆን ሐሳብ ጽፈው አዘጋጅተዋል። አንደኛዋ ስለ በዓሉ ልብስና ስለሚሰፉት እናቶች፣ ሌላው ከድሬ ተነስተው ለበዓሉ ስለሚወጡ ቤተሰቦች። አንብቤዋለሁ፤ ሁለቱም ይጻፋሉ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ ልኬላችኋለሁ፤ እባካችሁ ክፍል ሳያልቅ በጊዜ መልሱላቸው።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አስጎብኚ፣ ከሐረር ጀጎል